የአሜሪካ ማስል ካር ወደ ጀርመን ለማስመጣት፦ ከሊብሬው እስከ ታርጋው

የመጀመሪያዬን የአሜሪካ መኪና፣ አንድ የ1968 ፎርድ ሙስታንግ፣ ፍራንክፈርት ቁጭ ብዬ በስልክ ገዛሁት። ሻጩ ሠላሳ ያህል ፎቶግራፍ ልኮልኝ ነበር፤ የመቀመጫው ስፌት፣ በፊት ፍርግርጉ መሀል የምትጋልበው ፈረስ፣ ሞተሩ ሲነሣ የሚያሰማው ጉርምርምታ ሳይቀር በቪዲዮ ደርሶኛል። የሊብሬው ፎቶግራፍ ግን ከወገቡ በታች ተቆርጦ ነበር። በተቆረጠው ክፍል ላይ የአንድ አበዳሪ ድርጅት ስም ሰፍሮ እንደነበር ያወቅኩት መኪናው ወደብ ከደረሰ በኋላ ነው። ብድሩ ከዓመታት በፊት ተከፍሎ ያለቀ ቢሆንም የዕዳ ስረዛ ደብዳቤ ስላልወጣለት የአሜሪካ ጉምሩክ አላሳልፍም አለ፤ እኔም ለአምስት ሳምንታት የወደብ ማቆያ ስከፍል ከረምኩ። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ሁለት መኪናዎች አስመጥቻለሁ፤ ሁለቱንም ስገዛ መጀመሪያ ያገላበጥኩት ወረቀቱን ነው።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ጀርመን ለሚኖርና መኪናውን በብሬመርሃፈን ወደብ ለሚያስገባ ሰው ነው። በሌሎች የአውሮፓ አገሮች አካሄዱ ቢመሳሰልም የታክሱ መጠንና የቴክኒክ ምርመራው ይለያያል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ማስል ካር ስል፣ መካከለኛ መጠን ኖሮት ከትልልቆቹ መኪኖች የተወሰደ ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር የተገጠመለትን የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ መጀመሪያ መኪና ማለቴ ነው፤ አብዛኛው ሰው መነሻውን በ1964 በወጣው ፖንቲያክ ጂቲኦ ላይ ያደርጋል። ሙስታንግ በጥብቁ ከተነገረ «ፖኒ ካር» እንጂ ማስል ካር አይደለም የሚሉ አሉ፤ ጉምሩክ ግን ይህን አይጠይቅም።

አንደኛ፦ ዕድሜውንና ወጥነቱን ይወስኑ

ከቀለምም ከሞተርም በፊት መወሰን ያለበት መኪናው በጉምሩክ ፊት ምን ተብሎ እንደሚቆጠር ነው፤ ከጠቅላላ ወጪዎ ላይ ትልቁን ልዩነት የሚፈጥረው ይህ ነውና። በአውሮፓ ኅብረት የታሪፍ መጽሐፍ ውስጥ አንድ መኪና በምዕራፍ 97 የሰብሳቢ ዕቃ ሆኖ እንዲመደብ ቢያንስ 30 ዓመት የሞላው፣ ሞዴሉ መመረት ያቆመ፣ እንዲሁም ሻንሲው፣ አካሉ፣ ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ ፍሬኑና መሪው መሠረታዊ ለውጥ ሳይደረግባቸው እንደ ተፈጠረ የቆየ መሆን ይኖርበታል። እንዲህ ያለው መኪና ቀረጥ አይከፈልበትም፤ ጀርመን ውስጥ የሚከፈለው የገቢ ዕቃ ተጨማሪ እሴት ታክስም 7 በመቶ ብቻ ነው። ይህን ካላሟላ ግን በምዕራፍ 87 እንደ ማንኛውም መኪና ይቆጠርና በተለመደው ታሪፍ 10 በመቶ ቀረጥ፣ በዚያ ላይ 19 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይጫንበታል።

በቁጥር እንየው። መኪናው 40,000 ዩሮ፣ ማጓጓዣውና መድኑ ደግሞ 2,500 ዩሮ ቢሆን ታክሱ የሚሰላው በ42,500 ዩሮ ላይ ነው። በሰብሳቢ ዕቃነት ከገባ 2,975 ዩሮ ይከፍላሉ። በተራ መኪናነት ከገባ ግን ቀረጡ 4,250 ዩሮ ይሆንና ተጨማሪ እሴት ታክሱ በ46,750 ዩሮ ላይ ተሰልቶ 8,882 ዩሮ ከ50 ሳንቲም ይመጣል፤ ድምሩ ከ13,000 ዩሮ በላይ ነው። በመካከሉ ያለው የ10,000 ዩሮ ልዩነት አንድ ሞተር አስወርዶ ሙሉ በሙሉ ለማሳደስ ይበቃል። የብራስልስና የዋሽንግተን የንግድ ድርድር መደበኛውን መቶኛ ሊለውጠው ስለሚችል በሚገዙበት ሳምንት የጉምሩክን የመረጃ መስመር ደውሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሰነዶችዎን በሆላንድ በኩል ከጨረሱ የሰብሳቢ ዕቃ ታክሱ 9 በመቶ፣ በፈረንሳይ ደግሞ 5.5 በመቶ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ምክሬ ብዙዎችን አያስደስትም፤ አሮጌ አካል ላይ አዲስ ሞተር፣ ዘመናዊ መሪና ባለ ስድስት ማርሽ ካምቢዮ የተገጠመለትን መኪና ለማስመጣት አያስቡ። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለው መኪና ከወጥነቱ ካልተነካው በላይ ሊሸጥ ይችላል፤ ጀርመን ሲገባ ግን ጉምሩክ ላይም፣ ምርመራ ላይም፣ ዓመታዊ ታክስ ላይም እየተቀጣ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ከአሜሪካ ጠቅልለው ወደ ጀርመን የሚዛወሩ ወገኖችን የሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ቢያንስ 12 ወር የኖረና መኪናውን ቢያንስ 6 ወር በስሙ ይዞ የተጠቀመበት ሰው እንደ ቤት ዕቃው ያለ ቀረጥና ያለ ታክስ ሊያስገባው ይችላል፤ ለ12 ወር ግን ሊሸጠው፣ ሊያከራየው ወይም ሊያውሰው አይችልም። ዋሽንግተን ወይም አትላንታ ሆነው ጓዝዎን እየሸከፉ ከሆነ መኪናውን ዛሬውኑ በስምዎ ያድርጉት።

ሁለተኛ፦ ቁጥሩን ፊደል በፊደል ያንብቡ

የዛሬው መኪና ሁሉ 17 ቁምፊ ያለው የሻንሲ ቁጥር አለው፤ ይህ አሠራር የመጣው በ1981 ሞዴል ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ፋብሪካ የየራሱን ስልት ይከተል ነበር። በ1968ቱ ሙስታንግ ላይ ያለው ቁጥር 11 ቁምፊ ነው። «8 አር 01 ሲ» ብሎ ከጀመረ 8 ዓመቱን፣ አር ካሊፎርኒያ የሚገኘውን የሳን ሆዜ ፋብሪካ፣ 01 ባለ ሁለት በር ደረቅ ጣሪያ መሆኑን፣ ሲ ደግሞ 289 ኪዩቢክ ኢንች የሆነውን ሞተር ያመለክታል፤ የቀሩት ስድስት አኃዞች ተራ ቁጥሩ ናቸው። በ01 ቦታ 02 ካለ ኋላው ተዳፋት የሆነው ፋስትባክ ነው፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይሰቀላል። በሲ ቦታ ኤስ ካለ ከፋብሪካ 390 ሞተር ይዞ የወጣ ነው። ስለዚህ ሻጭ «390 ነው» እያለ ቁጥሩ ሲ የሚል ከሆነ ሞተሩ በኋላ የገባ ነው ማለት ነው፤ ይህ በራሱ ወንጀል ባይሆንም የ390 ዋጋ ሊጠየቅበት አይገባም።

ለፎርድ መኪናዎች ከ1967 ጀምሮ ያለው የፋብሪካ መዝገብ ተጠብቆ ስለቆየ ማርቲ ሪፖርት የሚባለውን ወረቀት በቁጥሩ ማዘዝ ይቻላል፤ መኪናው በየትኛው ቀን እንደተሠራ፣ ከምን ቀለምና ከምን ዕቃ ጋር እንደታዘዘ ይነግራል። ለፖንቲያክም ፒኤችኤስ የሚባል ተመሳሳይ አገልግሎት አለ፤ ስለዚህ እውነተኛውን ጂቲኦ ከተራው ለመለየት አያስቸግርም። በ1968 ዶጅ ቻርጀር ላይ ቁጥሩ በ«ኤክስ ኤስ 29» ከጀመረ አርቲ የተባለው ኃይለኛው ዓይነት ነው፤ በ«ኤክስ ፒ 29» ከጀመረ መደበኛው ነው። አስቸጋሪው ሸቭሮሌ ነው። ከ1966 እስከ 1968 የነበረው ሸቬል ኤስኤስ፣ ማለትም ኃይለኛው የሸቬል ዓይነት፣ በቁጥሩ መነሻ 138 ይታወቅ ነበር፤ ከ1969 በኋላ ግን ኤስኤስነቱ የሚታዘዝ ጥቅል ስለሆነ ቁጥሩ ዝም ይላል። በዚህ ምክንያት የ1970 ሸቬል ኤስኤስ ነኝ ከሚለው መካከል አርማና መስመር ብቻ የተለጠፈበት ማሊቡ የሚባለው ተራ ሸቬል ብዙ ነው። ከፋብሪካ የወጣው የአሠራር ወረቀት፣ ጀርመኖቹም አሜሪካኖቹም «ቢልድ ሺት» የሚሉት፣ ከሌለው የኤስኤስ ዋጋ አይክፈሉ።

ስለ ፈረስ ጉልበትም አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። እስከ 1971 ድረስ ይታወጅ የነበረው ጉልበት ሞተሩ ያለ ማርሚታና ያለ ተቀጥላ ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ሲለካ የተገኘው ነው፤ ከ1972 ጀምሮ መኪናው ላይ እንዳለ መለካት ተጀመረ። የ1970ውን 450 ፈረስ ጉልበት ከጀርመን የዛሬ መኪና ጋር አያወዳድሩ፤ የምርመራ ወረቀት ላይ የሚሰፍረውም ቁጥር ዝቅ ሊል ስለሚችል አይደንግጡ።

ሦስተኛ፦ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑን ያረጋግጡ

አሜሪካኖች «ታይትል» የሚሉት ወረቀት እኛ ሊብሬ ከምንለው ጋር አንድ ሥራ ይሠራል፤ የሚያወጣውም እያንዳንዱ ግዛት ስለሆነ መልኩ ይለያያል። የፊትና የጀርባ ገጹን፣ አራቱም ማዕዘን የሚታይበትን ፎቶግራፍ ሳያገኙ አንድ ሳንቲም አይላኩ። በመቀጠል ሦስት ነገሮችን ይመልከቱ። አንደኛው በሊብሬው ላይ ያለው ስም የሻጩ ስም መሆኑ ነው፤ ካልሆነ በመካከል ያለ ደላላ ስሙን ሳያዛውር እየሸጠ ነው። ሁለተኛው አበዳሪ ተብሎ የተጻፈ ስም ካለ የዕዳ ስረዛ ደብዳቤው አብሮ መኖሩ ነው። ሦስተኛው «ሳልቬጅ» ወይም «ሪቢልት» የሚል ቃል አለመኖሩ ነው፤ እነዚህ ቃላት መኪናው ተጋጭቶ ወይም በጎርፍ ተበላሽቶ በመድን ድርጅት የተጣለ መሆኑን ያመለክታሉ።

ፊርማው ላይ ስርዝ ድልዝ ካለ ወይም በነጭ ቀለም የተሸፈነ ፊደል ከታየ ሊብሬው ዋጋ የለውም፤ ሻጩ ምትክ ያስወጣ። እንደ ኦሃዮ ባሉ ግዛቶች ፊርማው በውል አረጋጋጭ ፊት መፈረም አለበት። ኒው ዮርክ ደግሞ ለ1972ና ከዚያ በፊት ለተሠሩ መኪናዎች ከነጭራሹ ታይትል አያወጣም፤ የባለቤትነት ማስረጃው የምዝገባ ወረቀቱ ነው፤ ስለዚህ የኒው ዮርክ ሻጭ «ታይትል የለኝም» ሲልዎ ሊያታልልዎ ነው ብለው አይሽሹ። ከሊብሬው ጋር የሽያጭ ውል ይጻፉ፤ ቀኑ፣ ዋጋው፣ ሙሉ የሻንሲ ቁጥሩና የሁለቱም ወገን አድራሻ ይኑርበት። አንድ ፊደል የተሳሳተ ውል ብሬመርሃፈን ላይ ራስ ምታት ይሆናል።

አራተኛ፦ ዝገቱን በሰው ዓይን ያስፈትሹ

እዚህ ላይ እኛ ሐበሾች ከጀርመን ጎረቤቶቻችን የምንሻልበት ነገር አለ፤ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ አትላንታ፣ ሎስ አንጀለስ ዘመድ ወይም የአብሮ አደግ ልጅ የሌለው ማን ነው? ዘመድዎ መካኒክ መሆን አይጠበቅበትም፤ ማግኔት፣ የእጅ ባትሪና አንድ ጆግ ውኃ ይዞ ይሂድ። ማግኔቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ከጎማዎቹ በላይ፣ ከበሮቹ በታችና በኋላው መስታወት ጥግ ላይ ያስጠጋ፤ ካልያዘ ከቀለሙ ሥር ያለው ላሜራ ሳይሆን ስቱኮ ነው።

ውኃው ለሙስታንግ ነው። ከፊት መስታወቱ ሥር፣ የዝናብ መጥረጊያዎቹ በተተከሉበት ላሜራ ላይ አየር የሚገባባቸው ሽንቁሮች አሉ፤ ከውስጥ በኩል ያለው ገንዳ የዛገ እንደሆነ ከላይ የፈሰሰው ውኃ በዳሽቦርዱ ሥር ወርዶ ምንጣፉ ላይ ይታያል። ሁለተኛውን መኪና ልገዛ ስል የአጎቴ ልጅ ከቨርጂኒያ ቪዲዮ ከፍቶ ውኃውን ሲያፈስ እኔ ከዚህ እመለከት ነበር። ሻጩ «ካሊፎርኒያ የኖረ፣ ዝገት የማያውቅ» እያለ ከጎኑ ቆሟል። ልጁ በሩን ከፍቶ አጎነበሰና ስልኩን ወደ ወለሉ አዞረው። «ጋሼ፣ ምንጣፉ እኮ ዋና ጀመረ» አለኝ። ከሻጩ ጋር ጸብ አላስፈለገም፤ አመስግኖ ወጣ፤ የቤንዚኑን ከፈልኩለት።

ሙስታንግን ከሸቬልና ከጂቲኦ የሚለይ ነገር እንዳለም ይወቁ። ሸቬልና ጂቲኦ ለብቻው የቆመ ሻንሲ አላቸው፤ አካሉ በላዩ ላይ ይታሰራል። ሙስታንግ ግን እንዲህ ያለ ሻንሲ የለውም፤ የወለሉና የጎኑ ላሜራ ራሱ ነው የሚሸከመው። ስለዚህ በሙስታንግ ወለል ላይ ያለ ቀዳዳ የመልክ ጉድለት ብቻ ሳይሆን የአጥንት ስብራት ነው፤ የጀርመን መርማሪም የሚያየው እንዲሁ ነው። ከአሪዞና፣ ከኒው ሜክሲኮና ከኔቫዳ የሚመጣ መኪና መቀመጫው በፀሐይ ተሰነጣጥቆ ላሜራው ጤነኛ ይሆናል፤ በክረምት መንገዳቸው ጨው ከሚነሰንሰው ከሚሺጋን፣ ከኦሃዮና ከፔንሲልቫኒያ የሚመጣው ግን በተቃራኒው ነው። መቀመጫ በሁለት ሳምንት ይሰፋል፤ ላሜራ ቤት የገባ መኪና ግን መቼ እንደሚወጣ አይታወቅም። በጣሪያው ላይ ቪኒል የተለጠፈበትን መኪና በተለይ ይጠርጥሩ፤ ከሥሩ ዝገት ሊደበቅ ይችላልና።

ዘመድዎ ከመሄዱ በፊት ሻጩ ሞተሩን እንዳያሞቀው ይንገሩት፤ ሲደርስም ኮፈኑን አስከፍቶ ቀዝቃዛ መሆኑን ለማረጋገጥ ራዲያተሩን በእጁ ይዳስስ። በመጨረሻ የሻንሲ ቁጥሩን በሦስት ቦታ ፎቶግራፍ ያንሣ፦ በ1968ቱ ሙስታንግ አንዱ ከፊት መስታወቱ ሥር በተሳፋሪው በኩል ይገኛል፣ ሁለተኛው በሾፌሩ በር ላይ ባለው የብረት ወረቀት ላይ ነው፣ ሦስተኛው ኮፈኑ ሲከፈት በሾፌሩ በኩል ባለው የውስጥ ፓራፋንጎ ላይ ተመትቷል። የሦስቱ ቁጥር አንድ ካልሆነ ግዢው እዚያው ያበቃል።

አምስተኛ፦ ክፍያና ጭነት

ገንዘቡን ከባንክ ወደ ባንክ ያስተላልፉ፤ የማስተላለፊያ ደረሰኙ ጉምሩክ ላይ የዋጋ ማስረጃ ይሆንልዎታል። «መኪናው ቀድሞ መርከብ ድርጅት ገብቷል፣ ይክፈሉና ይላካል» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎ ንግግሩን ያቁሙ። ዋጋውን በውሉ ላይ ዝቅ አድርጎ መጻፍም ጉምሩክን ማታለል ነው፤ መርማሪው የገበያ ዋጋ ሰንጠረዥ ፊቱ አለ።

መላኪያው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሮሮ ይባላል፤ መኪናው በራሱ ጎማ እየተነዳ መርከብ ውስጥ ይገባል፤ ርካሽ ነው፤ ሆኖም ቁልፉ ብዙ እጅ ይነካዋል፣ በውስጡም ዕቃ ማስቀመጥ አይቻልም። ሁለተኛው ኮንቴይነር ነው፤ ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር ሁለት መኪና ያለ ችግር ይይዛል፤ ስለዚህ ወኪሉ ከሌላ ሰው መኪና ጋር ሲያዳብልልዎ ዋጋው ይቀንሳል። ለማይንቀሳቀስ ወይም ለውድ መኪና ኮንቴይነሩን እመርጣለሁ። ከሳቫና ወይም ከኒው ዮርክ አካባቢ የሚነሣ መርከብ ብሬመርሃፈን የሚደርሰው በጥቂት ሳምንታት ነው፤ ከሎስ አንጀለስ ከሆነ የፓናማን ቦይ ስለሚያቋርጥ ዕጥፍ ያህል ይቆያል። ዋናው ሊብሬ መኪናው ከመጫኑ ቢያንስ 72 ሰዓት በፊት ለአሜሪካ ጉምሩክ መቅረብ ስላለበት በአስተማማኝ ፖስታ አስቀድሞ ለወኪሉ ይላክ።

የባሕር መድን ይግቡ። በየካቲት 2022 ፌሊሲቲ ኤስ የተባለች መርከብ ከጀርመን ወደ አሜሪካ 4,000 ያህል መኪና ጭና ስትሄድ አዞረስ ደሴቶች አጠገብ ተቃጥላ በመጋቢት መጀመሪያ ሰጥማለች። በባሕር ንግድ ሕግ ደግሞ መርከቧን ለማዳን የወጣ ወጪ በጭነቱ ባለቤቶች ሁሉ ላይ ይከፋፈላል፤ መኪናዎ ምንም ሳይሆን ገንዘብ ሊጠየቁ ይችላሉ ማለት ነው። ይህን የሚሸፍነው መድኑ ነው።

ስድስተኛ፦ ብሬመርሃፈን

በዚህ ደረጃ ትራንዚተር ይቅጠሩ፤ በራስ መሞከር ይቻላል፣ ግን አይመከርም። ትራንዚተሩ የሚፈልገው የሽያጭ ውሉን፣ የክፍያ ማስረጃውን፣ ሊብሬውን፣ የመርከቡን ጭነት ሰነድና የማጓጓዣውን ደረሰኝ ነው። በዚህ ላይ ከሁሉም ማዕዘን የተነሡ ፎቶግራፎችን፣ የሞተሩን ክፍል ጨምሮ፣ እንዲሁም ማርቲ ሪፖርቱን ወይም ተመሳሳዩን ያያይዙ። መኪናው እንደ ተፈጠረ የቆየ መሆኑን የማስረዳት ሸክም የእርስዎ ነው፤ መርማሪው ሊያምንዎ አይገደድም። ማርቲ ሪፖርቱ «አረንጓዴ፣ 289፣ አውቶማቲክ» ብሎ ፎቶግራፉም ያንኑ ሲያሳይ ግን ክርክሩ አጭር ይሆናል። ቀረጡና ታክሱ ሲከፈል የሚሰጥዎትን የውሳኔ ወረቀት በጥንቃቄ ይያዙ፤ ያለ እርሱ ታርጋ አይገኝም። መኪናው ታርጋ ስለሌለው ከወደቡ በሎቤድ ወደ ቤት ይምጣ።

ሰባተኛ፦ ጋራዥና ቲዩፍ

ጀርመን ውስጥ ሁለት ምርመራ በአንድ ጊዜ ይደረጋል። በመንገድ ትራንስፖርት ደንቡ አንቀጽ 21 መሠረት መኪናው ሙሉ የቴክኒክ ፈቃድ ያገኛል፤ በአንቀጽ 23 መሠረት ደግሞ የታሪካዊ መኪና ማረጋገጫ ይሰጠዋል። ሁለቱንም የሚሰጠው ቲዩፍ የተባለው የቴክኒክ ምርመራ ድርጅት ወይም የተፈቀደለት ሌላ መርማሪ ነው። የጉምሩክ ውሳኔ ቲዩፍን አያስገድድም፤ የቲዩፍም ጉምሩክን አያስገድድም። ከምርመራው በፊት የመኪናውን ቴክኒካዊ መረጃ የያዘ ወረቀት ማግኘት ስለሚያስፈልግ ከመርማሪው ጋር ቀደም ብለው ይነጋገሩ፤ የአሜሪካ መኪና የሚወድ መርማሪ ማግኘት ግማሽ መንገድ ነው።

መብራቱ ዋናው ሥራ ነው። የአሜሪካ የፊት መብራት እንደ አንድ አምፖል የታሸገ ስለሆነ ተወልቆ፣ የአውሮፓ ምልክት ያለበትና ኤች 4 አምፖል የሚቀበል፣ ትንሽ የፓርኪንግ አምፖልም ያለበት መብራት ይገባበታል። በሙስታንግ ላይ ሰባት ኢንች የሆነው ክቡ መብራት ያለ ምንም መቁረጥ ይገጥማል፤ አሮጌውን ጠቅልለው ያስቀምጡ። የኋላ ፍሬቻ ቢጫ መሆን አለበት፤ ነገር ግን ከጥር 1 ቀን 1970 በፊት ለመጀመሪያ ጊዜ መንገድ የወጣ መኪና ቀይ ፍሬቻውን እንደያዘ ይፈቀድለታል። ወረቀት መልሶ የሚክሰውም እዚህ ላይ ነው። የ1970 ሞዴል የሚባለው መኪና ከ1969 መኸር ጀምሮ ይሸጥ ነበር፤ የአሜሪካው ሊብሬ ግን ብዙ ጊዜ የሚጽፈው የሞዴሉን ዓመት ብቻ ነው። በ1969 መሸጡን የሚያሳይ ሰነድ ካለዎ የኋላ መብራቱን ቆርጦ ቢጫ ከመግጠም ይድናሉ።

የቀረውን በአጭሩ ልናገር። ከ1998 መጨረሻ ወዲህ የተሠራ ጎማ የአውሮፓ የኢ ምልክት ከሌለው አያልፍም፤ አሜሪካ ውስጥ የተገጠሙት አዲስ ጎማዎች ብዙ ጊዜ በዚህ ይወድቃሉ። ከ1967 በፊት በተሠራ ሙስታንግ የፍሬኑ ዘይት በአንድ መስመር ስለሚሄድ አንድ ቱቦ ሲቀደድ ፍሬኑ በሙሉ ይጠፋል፤ ወደ ሁለት መስመር ይቀይሩት። ፊት ለፊት የዲስክ ፍሬን በዘመኑ ከፋብሪካ ይታዘዝ ስለነበር መርማሪው አይቃወምም፤ ደንቡም መኪናው በወጣባቸው በመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት የተለመደውን ለውጥ ይቀበላል። ቤንዚን ሲሞሉ እስከ 10 በመቶ አልኮል የተቀላቀለበትን ኢ10 ይተዉ፤ አልኮሉ አሮጌውን የጎማ ቱቦና የካርቡሬተሩን መክደኛዎች ይበላል።

ስምንተኛ፦ ምዝገባ፣ ታክስና ታርጋ

ወደ ተሽከርካሪ ምዝገባ ቢሮ ሲሄዱ ሊብሬውን፣ ውሉን፣ የጉምሩኩን ውሳኔ፣ ሁለቱን የምርመራ ወረቀቶች፣ የመድን ድርጅቱ የሰጠዎትን የኤሌክትሮኒክ ማረጋገጫ ቁጥርና መታወቂያዎን ይያዙ። ቢሮው ዋናውን ሊብሬ ሊያስቀረው ስለሚችል አስቀድመው በቀለም ቅጂ ያስነሡት፤ መኪናውን አንድ ቀን ሲሸጡ ገዢው ይጠይቅዎታል። በታርጋው መጨረሻ ላይ የታሪካዊ መኪና ምልክት የሆነው ኤች የሚለው ፊደል ሲጻፍ ዓመታዊው ታክስ የሞተሩ መጠን ምንም ቢሆን 191 ዩሮ ገደማ ይሆናል። ያለ ኤች ቢመዘገብ በየ100 ሲሲው 25.36 ዩሮ እየተሰላ ለ289ኙ ሞተር ከ1,200 ዩሮ በላይ ይመጣ ነበር። ኤች ያለው መኪና አረንጓዴ ተለጣፊ ሳያስፈልገው በየከተማው የአካባቢ ጥበቃ ቀጠና ውስጥም ይገባል።

የአሜሪካ መኪና የታርጋ ቦታ ወደ 30 በ15 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የጀርመኑ ረጅም ታርጋ አይገባበትም። ከመሄድዎ በፊት ቦታውን በሜትር ለክተው ፎቶግራፍ ይያዙና ባለ ሁለት መስመሩን ወይም አነስተኛውን ታርጋ ይጠይቁ፤ ኤች አንድ ቦታ ስለሚወስድ አጭር ቁጥር ቀደም ብሎ ማስያዝ ይበጃል። ለብሎኑ ሲባል ላሜራው እንዳይበሳ ማገናኛ ብረት ይግዙ፤ እኔ በመጀመሪያው መኪና ላይ የበሳኋቸው ሁለት ቀዳዳዎች ዛሬም ከመከላከያው ሥር ይታዩኛል።

ሁለተኛውን መኪና ከመግዛትዎ በፊት

አንዱ መኪና ብቻውን እንደማይቀር ከራሴ አውቃለሁ። ለሁለተኛው ግን አሜሪካን ከማየትዎ በፊት እዚሁ አውሮፓ ውስጥ ይፈልጉ፤ በስዊድንና በሆላንድ ወረቀቱ ያለቀለት፣ መብራቱ የተለወጠለት ብዙ መኪና አለ። ጀርመን ውስጥ ሙስታንግ እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ ይሸጥ የነበረው «ቲ-5» በሚል ስም ነበር፤ ሙስታንግ የሚለውን ስም ክሩፕ የተባለው የጀርመን ኩባንያ አስቀድሞ አስመዝግቦት ስለነበረ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የጀርመን ወረቀት ያለው ቲ-5 ማግኘት ለሰብሳቢ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ቀን አገር ቤት ይዤው እገባለሁ የሚል ሐሳብ ያለው ደግሞ ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ መከልከሏን ከሒሳቡ ያስገባ።

መኪናዎቹ ሦስትና አራት ሲሆኑ ለእያንዳንዱ ታርጋ ከማውጣት ይልቅ በ07 የሚጀምረውን ቀይ የሰብሳቢ ታርጋ ማመልከት ይቻላል፤ አንዱ ታርጋ በየተራ ለሁሉም ያገለግላል፤ ዓመታዊ ታክሱም ያው 191 ዩሮ ገደማ ነው። ሆኖም እያንዳንዱ መኪና የአንቀጽ 23 ማረጋገጫ ያስፈልገዋል፣ አመልካቹም ከወንጀል ነጻ መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ያቀርባል፤ መንዳት የሚፈቀደውም ለታሪካዊ መኪናዎች ዝግጅት፣ ለሙከራና ወደ ጋራዥ ለመውሰድ እንጂ ለገበያ ወይም ለሥራ አይደለም። እያንዳንዱ ጉዞ ቀኑ፣ መነሻና መድረሻው፣ የመኪናው የሻንሲ ቁጥርም በመዝገብ ይጻፋል፤ ፖሊስ ሲያስቆም መጀመሪያ የሚጠይቀው ያንን ደብተር ነው፤ ስለዚህ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ይሞላ።